ትከሻዬን ያዘኝ

ለቡ ውስጥ ማታ ማታ ከሰው አፍ የማይጠፋ ቃል ቢኖር «ትከሻዬን» የሚለው ነው። ሙዚቃ ቤት ከታክሲ የሚወርደው ሠራተኛ «ትከሻዬን ያዘኝ» ይላል። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጄሪካን ይዛ አራተኛ ፎቅ የምትወጣው እናት «ማጅራቴ ደረቀ» ትላለች። በሕንፃ ሥራ ላይ ባሬላ ይዛ የምትውለው ልጅ ደግሞ ምንም አትልም። እጇን ወደ ጫንቃዋ ትሰድና ታሸዋለች፤ ከዚያ ሥራዋን ትቀጥላለች።

እኔ ማታ ማታ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥራለሁ። ተማሪዎቼ ቀን ሠርተው የሚመጡ ናቸው። እንጀራ የምትጋግር አለች። ልብስ የምታጥብ አለች። ዘበኛ አለ፤ ብሎኬት የሚያወርድ አለ። እርሳስ ጨብጠው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሁሉም ትከሻ ወደ ጆሯቸው ይወጣል። አንዱ አንገቱን ያዞራል፤ አንዷ ጓደኛዋን «እስኪ እዚህ ጋ ጫን በይልኝ» ትላለች። እናቴም ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። «ከማጭዱ ይልቅ እርሳሱ ጫንቃዬን በላው» ትል ነበር። ይህ ሕመም ከምን እንደሚመጣ፣ እጅስ ምን ሊያደርግለት እንደሚችል ዛሬ ልጻፍላችሁ።

ከራስ እንጀምር። የአንድ ትልቅ ሰው ራስ ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል። ሱቅ ገብታችሁ አምስት ኪሎ ዱቄት አንሡና ሞክሩት፤ ያንን ነው ቀኑን ሙሉ የምንሸከመው። የሚሸከሙት 7 የአንገት አጥንቶች ናቸው። (ቀጭኔም ያን ሁሉ አንገት ይዛ የአንገት አጥንቷ 7 ብቻ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም።) አጥንቶቹ ግን ብቻቸውን አይቆሙም። የድንኳንን ምሰሶ ገመድ ግራና ቀኝ ወጥሮ እንደሚያቆመው፣ አንገትንም ወጥሮ የሚያቆመው ጡንቻ ነው። ዋናው ጡንቻ ሰፊ ነው። ከራስ ቅል ግርጌ ይነሣል፤ ወደ ሁለቱ ትከሻ ጫፍ ይዘረጋል፤ እስከ ጀርባ መካከል ይወርዳል። ልክ እንደ ካባ ነው። «ትከሻዬን» ያለ ሰው ሁሉ እጁን የሚያሳርፈው በዚህ ካባ ላይኛ ጠርዝ ላይ ነው፤ በአንገትና በትከሻ መካከል ባለው ሥጋ ላይ።

የጡንቻ ሥራ መኮማተርና መላላት ነው። ሲላላ ደም እንደ ልብ ይገባዋል። ሲኮማተር የሚገባው ደም ይቀንሳል። ስንራመድ የእግራችን ጡንቻ አንዴ ይኮማተራል፣ አንዴ ይላላል፤ ስለዚህ ሩቅ መንገድ ይችላል። አንገትና ትከሻ ግን በብዙ ሥራ ላይ ሳይላሉ ይውላሉ። ባዶ ስኒ ያዙና እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ስኒው ምንም አይመዝንም እኮ! ነገር ግን ትከሻ ይቃጠላል። ምጣድ ላይ ያጎነበሰች ሴት፣ ከስፌት መኪናው ዐይኑን የማያነሣ ልብስ ሰፊ፣ መሪ የጨበጠ ሾፌር፣ አቀርቅሮ ስልኩን የሚያይ ወጣት፣ ሁሉም ያንን ስኒ ይዘው ነው የሚውሉት። ራስ ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር ከኋላ የሚይዘው ጡንቻ ሥራው ይበዛል።

ሐሳብም አለ። ሰው ሲደነግጥ ትከሻውን ሰብስቦ አንገቱን ይቀብራል። የቤት ኪራይ ሲጨመር፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ያኛው ድንጋጤ ያልፋል፤ ይሄኛው ወር ሙሉ ይቆያል። እንቅልፍ ሲጎድልበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ «ሐሳብ ነው አንገቴን የያዘኝ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ «ታዲያ ምኑን ታመምከው» አትበሉት። ታሟል።

በሰፈራችን ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ስም አንድ ነው፤ «ብርድ ነው» ይባላል። ብርድ ሥጋ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ቢሆንም አባባሉን ጨርሼ አልንቀውም። ሲበርደን እንኮማተራለን። በሐምሌ ጠዋት ታክሲ የሚጠብቀውን ሰልፍ ትከሻ ማየት ነው። ሙቀት ደግሞ ያላላል። «ጅማቴ ዞረ» የሚለው ግን ልክ አይደለም። ጅማት አይዞርም፤ አይጣጠፍም። ከጣት በታች እንደ ባቄላ የሚሰማው ቋጠሮ የጠነከረ፣ ሲነኩት ቶሎ የሚያም የጡንቻ ቦታ ነው። አንዳንዱን ሲጫኑት ሕመሙ እስከ ጆሮ ግንድ ይሄዳል። ራስ ምታትም አንዳንድ ጊዜ ከዚሁ ይነሣል።

አሁን ወደ እጅ እንምጣ። እጅ የሕመም መጀመሪያ መድኃኒት ነው። ጉልበታችንን ስንጋጭ ሳናስብ እጃችን ወደዚያ ይሄዳል። እናት ሕፃኗን አጥባ ስትጨርስ ቅባት ቀብታ እጅ እግሩን ታሸዋለች። አራስም ትታሻለች። ታዲያ ሰው ካደገ በኋላ የሚያሸው የሚያገኘው ሲታመም ብቻ ነው፤ ለዚያውም ወጌሻ ዘንድ ከሄደ።

ወጌሻ የሚለውን ቃል ሁላችን እናውቀዋለን። የወለቀ የሚመልስ፣ ያበጠ የሚያሽ ነው። ኳስ በሬዲዮ የሚከታተል ሰውም ይሰማዋል፤ ተጫዋች ሲወድቅ ወደ ሜዳ የሚሮጠው ባለሙያ ወጌሻ ነው የሚባለው። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በጃፓን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሱጊያማ ዋይቺ የሚባል ዐይነ ስውር ሐኪም ነበር። ዐይነ ስውራን የመርፌ ሕክምናና እሽት የሚማሩበትን ትምህርት ቤት አቋቋመ። በስዊድን ደግሞ በ1813 እ.ኤ.አ. ፔር ሄንሪክ ሊንግ የሚባል ሰው በስቶክሆልም የሰውነት እንቅስቃሴ የሚያስተምር ተቋም ከፈተ፤ በእንቅስቃሴና በእጅ ማከምም እዚያ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ፊዚዮቴራፒ የሚባለው ሙያ አንዱ ሥሩ እዚያ ነው። እኛም አገር ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል አለ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ባለሙያዎችን ያሠለጥናል።

በእኛ መንደር አንድ ሽማግሌ ወጌሻ አሉ። አባባ እንላቸዋለን። ብዙ ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጬ ሥራቸውን አይቻለሁ። ሰው ሲመጣ ወዲያው አይነኩም፤ ይጠይቃሉ። «ምን ስትሠሪ ዋልሽ ልጄ? ጄሪካኑን በየትኛው እጅሽ ነው የምትይዢው? የምትተኚው በየትኛው ጎንሽ ነው? ወድቀሽ ነበር?» ይላሉ። ከዚያ እጃቸውን ይታጠባሉ። መዳፋቸውን እርስ በርስ አሽተው ያሞቃሉ። ትንሽ ቅቤ ይቀባሉ። «አባባ፣ መድኃኒቱ ቅቤው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እጅ እንዲንሸራተት ነው እንጂ» አሉኝ። መልሳቸው ደስ አለኝ። ቫዝሊንም፣ የኑግ ዘይትም ያንኑ ይሠራል። የቅቤን ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

እሳቸው ለትከሻ የሚያደርጉት ቤት ውስጥም ሊደረግ የሚችል ነው። የታመመው ሰው ጠረጴዛ ፊት በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ጠረጴዛው ላይ ትራስ ወይም የተጣጠፈ ጋቢ ይደረግና ግንባሩን ያሳርፍበታል። ክንዱንም ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል። ይህ ዋና ነገር ነው። ራስ ካላረፈ አንገት አይላላም፤ ሸክም ላይ ያለ ጡንቻ ቢያሹት ምን ዋጋ አለው? የሚያሸው ሰው ከኋላ ይቆማል። መጀመሪያ በመዳፉ ከማጅራት ወደ ትከሻ ጫፍ ቀስ እያለ ይዳብሳል፤ ቆዳው እስኪሞቅ ድረስ። ቀጥሎ በአንገትና በትከሻ መካከል ያለውን ሥጋ በመዳፍና በጣቶቹ መካከል ያዝ፣ ጨበጥ፣ ለቀቅ ያደርጋል። ሊጥ የምታቦካ ሴት እጅ ይህን ያውቀዋል። ቋጠሮ ሲገኝ አውራ ጣት ያርፍበታል። የታመመው ሰው አምስት ስድስት ጊዜ በረጅሙ እስኪተነፍስ ድረስ እዚያው ይቆያል። አይፈተግም፤ አይወጋም። ብዙ ጊዜ ከጣት በታች ሲላላ ይሰማል። ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ምን ያህል ይጫን? «ካላመመ አያድንም» የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ አልስማማም። ሁለት ዓይነት ሕመም አለ። አንዱ «እሰይ፣ እዚያው ጋ» የሚያሰኝ ነው። ሌላው ትንፋሽ የሚያስይዝ፣ ፊት የሚያስኮሳትር፣ ትከሻን መልሶ የሚያስሰበስብ ነው። ሁለተኛው ሲመጣ እጅ ይላላ። ባሎች በዚህ በኩል እጃቸው ይከብዳል፤ ሚስቶች ንገሯቸው።

እጅ የማይሄድበት ቦታም አለ። በአንገት ፊትና ጎን ወደ ራስ የሚወጡ ትልልቅ የደም ሥሮች ያልፋሉ፤ እዚያ አይታሽም፤ አይጫንም። አከርካሪው አጥንት ራሱም አይጫንም፤ የሚታሸው ግራና ቀኙ ያለው ሥጋ ነው። ያበጠ፣ የቆሰለ፣ የቀላ ቦታ አይነካም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ አንገትን ድንገት ጠምዝዞ «ቀጭ» ማድረግ ነው። የወንዶች ፀጉር ቤት የገባ ያውቀዋል። ፀጉር ተቆርጦ፣ ራስና ትከሻ ታሽቶ ሲያበቃ፣ አንዳንዱ ልጅ አገጭ ይይዝና አንገትን ወደ ጎን ይመነጭቃል። ደንበኛው ድምፁን ሲሰማ «ተፈታልኝ» ይላል። ምንም የተፈታ ነገር የለም። ጣታችንን ስናንቋቋ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። በአንገት አጥንቶች ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሁለት የደም ሥሮች ይወጣሉ። ድንገተኛ ጥምዘዛ የደም ሥሩን ግድግዳ ከውስጥ ሊሰነጥቀው ይችላል። እዚያ ደም ይረጋና አንጎል ደም ያጣል። ይህ ብዙ ጊዜ አይደርስም። ከደረሰ ግን ሰው አንድ ጎኑ ሽባ ሊሆን፣ ሊሞትም ይችላል። እኔ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ አስቀድሜ «አንገቴን እንዳትጠመዝዘው ወንድሜ» እላለሁ። እስከ ዛሬ የተቀየመኝ የለም።

ዋግምትም አለ። ምላጩ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ከተላለፈ ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ያስተላልፋል። ይህን ማወቅ ይበቃል። ሌላው ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ እየገዙ በየቀኑ መዋጥ ነው። ሕመሙን ያደበዝዛል፤ ሲቆይ ግን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ሐኪም ሳያዝ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም።

አሁን የምነግራችሁ ነገር በበጋ ወራት በእኛ መደዳ የደረሰ ነው። አንዲት የጎረቤት ልጅ ታመመች። እናቷ «ውሃ ስትቀዳ ውላ ነው፤ ማጅራቷን ያዛት» ብላ ወደ አባባ ወሰደቻት። እኔም እዚያ ነበርኩ። ሽማግሌው ግንባሯን ዳሰሱ፤ እሳት ነበር። «ልጄ፣ እስኪ አገጭሽን ደረትሽ ላይ አድርሺው» አሏት። አልቻለችም። ከበሩ የሚገባው ብርሃን ሲወጋት ዐይኗን በእጇ ጋረደች። «አስመልሷታል?» ብለው እናቷን ጠየቁ። «ጠዋት ሁለት ጊዜ» አለች። አባባ የቅቤውን ዕቃ ከደኑ።

«ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት» አሉ።

«አባባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሹልኝና እወስዳታለሁ» ብላ ለመነቻቸው።

«እጄን አላሳርፍባትም። ነገ አትበይ፤ ማታ አትበይ። ተነሺ!»

ሽማግሌው ሲቆጡ ያን ቀን ነው ያየኋቸው። ባጃጅ ጠራሁና ሄድን። ጤና ጣቢያው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ላካት። ማጅራት ገትር ነበር። ሆስፒታል ተኝታ በመርፌ መድኃኒት ዳነች። አሁን ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ጥቂት ሰዓት ቢያልፍ ኖሮ ምን እንደሚሆን ሐኪሙ ለእናቷ ነግሯታል። እዚህ አልጽፈውም።

እስኪ ስሙን ተመልከቱት። ማጅራት ማለት የአንገት ጀርባ ነው። ገትር ማለት የሚገትር፣ የሚያደርቅ ነው። በሽታው በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለው ሽፋን ሲመረዝ የሚመጣ ነው፤ አንገትን የሚገትረው ለዚህ ነው። አገራችን አፍሪካን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ በሚያቋርጠው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት። በ1973 እና በ1981 ዓ.ም. ትልልቅ ወረርሽኝ ደርሶ ብዙ ሰው ጨርሷል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በዘመቻ የተሰጠው ክትባት ዋነኛ የነበረውን ዓይነት በእጅጉ ቀንሶታል። ሌሎቹ ዓይነቶች ግን ዛሬም አሉ። በሥራ የደከመ አንገት ወደ ጎን ሲያዞሩት ያማል፤ ትኩሳት የለውም። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና ወደ ደረት የማይታጠፍ አንገት አንድ ላይ ከመጡ እጅም ቅቤም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጤና ጣቢያ ነው፤ በዚያው ሰዓት።

እጅ የማይነካው ሌላም አለ። ከአንገት ተነሥቶ እስከ ጣት የሚወርድ መደንዘዝ፣ ዕቃ ከእጅ የሚያስጥል ድካም ካለ፣ ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ይየው። እግርም አብሮ ከከበደ አይዘገይም። ሌሊት የሚያልብ፣ እያደር የሚከሳ ሰው አከርካሪው ላይ የማይለቅ ሕመም ካለው፣ ቲቢ አጥንትም እንደሚይዝ ይታወስ። ደረት ጨምድዶ ወደ ግራ ትከሻና ወደ መንጋጋ የሚወጣ፣ ላብ የሚያጠምቅ ሕመም የትከሻ አይደለም። የልብ ነው።

ከመውደቅና ከመኪና አደጋ በኋላማ አንገት ጨርሶ አይታሽም፤ አይጎተትም። አበበ ቢቂላን ሁላችን እናውቀዋለን። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. መኪናው ተገልብጣ አንገቱ ላይ ተጎዳ። በሁለት ኦሊምፒክ በማራቶን ያሸነፉት እግሮች ከዚያ ወዲያ አልሮጡም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ታክሞ የእጆቹ ጉልበት ተመለሰለት፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ እስከ መወዳደር ደረሰ። አንገት ውስጥ የሚያልፈው ገመድ ይህን ያህል ነገር ይዟል። አደጋ የደረሰበትን ሰው ራሱንና አንገቱን ሳያንቀሳቅሱ አምቡላንስ መጥራት ነው።

ወደ ደከመው ትከሻ ልመለስ። እሽት ያሳርፋል፤ ግን ለጥቂት ጊዜ ነው። ለአንድ ምሽት፣ ለሁለት ቀን ይሆናል። ሰኞ ታሽቶ ማክሰኞ ያንኑ ሸክም ባንድ ትከሻ የሚሸከም ሰው ረቡዕ ተመልሶ ይመጣል። ሀያ ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። በአንድ እጅ ሲንጠለጠል አንድ ትከሻ ብቻ ይጎትታል። ሁለት ባለ አሥር ሊትር ጄሪካን በሁለት እጅ ቢያዝ ውሃው ያው ነው፤ ትከሻው ግን ያው አይደለም። እናቶቻችን እንስራን ጀርባቸው ላይ አጣብቀው በገመድ ያስሩት የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሸክም ለአካል ሲቀርብ ይቀላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ፎቅ ቤት ያላችሁ ልጆቻችሁን አሰልፉ፤ እያንዳንዱ አንድ ፎቅ ያቀብል። የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። ለሁለት ማንሣትን እንደ ስንፍና የሚቆጥር አሠሪ አለ። ትከሻው የእሱ ስላልሆነ ነው።

የእርሳሱም ነገር አለ። አንዲት ተማሪዬ ከሁሉም በላይ ማጅራቷን የምትታመም ነበረች። ስታነብ አንዴ ደብተሩ ላይ ትደፋለች፣ አንዴ አንገቷን ወደ ኋላ ትሰብራለች። አባባ ሦስት ጊዜ አሿት። በአራተኛው «ልጄ፣ ይሄ የሚመጣው ከሥራሽ አይመስለኝም፤ ቀን ደኅና ነሽ፣ ማታ ነው የምትታመሚው» አሏት። ነገሩ ዐይኗ ነበር። ሰው 40 ዓመት ገደማ ሲሆነው ቅርብ ያለውን ማየት ያዳግተዋል። ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል። ቀድሞ የሚያነብ ሰው ቶሎ ያውቀዋል። በ45 ዓመቱ ፊደል የሚጀምር ሰው ግን «አእምሮዬ አልቀበል አለ» ብሎ ራሱን ይወቅሳል እንጂ ዐይኑን አይጠረጥርም። ዐይኗን ተመርምራ የማንበቢያ መነጽር አደረገች። ዐሥር መስመር ሳታጎነብስ አነበበች። ከዚያ ወዲያ አባባ ዘንድ ለእሽት አልሄደችም፤ ለቡና ግን ትሄዳለች።

እርሳስም ሲያዝ እንደ ማጭድ መጨበጥ የለበትም። ጣት ነጭ እስኪሆን ከጨበጣችሁ ክንድ ይደርቃል፤ ክንድ ሲደርቅ ትከሻ ይነሣል። ክርናችሁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፉ። አንድ ገጽ ስትጨርሱ ተነሡ። ትከሻችሁን እስከ ጆሯችሁ አውጡ፤ እስከ ሦስት ቁጠሩ፤ ከዚያ ድንገት ልቀቁት። አምስት ጊዜ እንዲሁ አድርጉ። ትከሻን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ማንቀጥቀጥም ጥሩ ነው። ይህን እንቅስቃሴ ሐኪም ሲያዘው ሰው ይገረማል። ጎጃምና ጎንደር ሠርግ ላይ እስክስታ ብሎ ሲጨፍረው ግን ማንም ሕክምና ነው አይልም። የደረቀ ትከሻ እስክስታ አይወርድም፤ ሞክሩትና ታዩታላችሁ።

ሙቀትም እንዳይረሳ። ለብ ያለ ውሃ በሃይላንድ ፕላስቲክ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጫንቃ ላይ ሩብ ሰዓት ማቆየት ነው። የፈላ ውሃ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል፣ ቆዳም ይቃጠላል። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ቆዳው ሙቀቱን በደንብ ላይሰማው ስለሚችል አስቀድሞ ሌላ ሰው በእጁ ይለካለት።

ብቻውን የሚያድር ሰውስ ማን ያሸዋል? ይህን የጠየቀኝ ዘበኛው ተማሪዬ ነው። መልሱን ያገኘውም ራሱ ነው። ልጁ ከካልሲ የሠራትን የጨርቅ ኳስ ይወስዳል። ግድግዳ ተደግፎ ኳሷን በአከርካሪውና በትከሻው አጥንት መካከል ያደርጋል። ከዚያ ጉልበቱን አጠፍ፣ ዘርጋ እያደረገ ቀስ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ይቆምና በረጅሙ ይተነፍሳል። አከርካሪው ላይ አያደርጋትም፤ አንገቱ ላይም አያደርጋትም። ሌሊት በአንድ ሰዓት አንድ ጊዜ ያደርገዋል፤ እንቅልፉንም ያባርርለታል። ችግሩ አንድ ነው። ኳሷ የልጁ ናት፤ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ይቀበለዋል።